ለጠላ፦ ጋን ወይስ የፕላስቲክ በርሜል?

ጊዜ ለመቆጠብ ከሆነ በርሜሉ ያሸንፋል፤ ታጥቦ ወዲያው ይጠነሰስበታል። ጋን ግን በግራዋ ተፈትጎ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ከዚያ ደግሞ በወይራ ጭስ መታጠን አለበት። አድካሚ ነው፤ ግን ለጠላው ያን ጠረን የሚሰጠው ጭሱ ነው፤ ፕላስቲክ ደግሞ አይታጠንም። ሸክላው እርጥበት ስለሚያዥም ውስጡ ቀዝቀዝ ይላል።

በርሜል ከመረጡ ቀድሞ ምግብ የተያዘበት ይሁን፤ የቀለም ወይም የኬሚካል በርሜል በፍጹም! ክዳኑን ጥርቅም አድርገው አይዝጉት፤ ድፍድፉ ሲፈላ ጋዙ መውጫ ይፈልጋል። ውስጡንም በሽቦ አይፈትጉት፤ ጭረቱ ውስጥ የሚቀረው እድፍ ቀጣዩን ጠላ ያኮመጥጠዋል።

እኔ ለሠርግ ብዛት በርሜል፣ ለዓመት በዓል ግን ጋን እላለሁ። ጌሾና ብቅል መውቀጥ ከሰለቸዎት፣ በሁለቱም በኩል ወፍጮ ቤት ይገላግልዎታል።