ካዝና ውስጥ ያለ ወርቅና በውል የተያዘ ነዳጅ፦ የትኛውን ፈንድ ልግዛ ለምትሉ

ውጭ የሚኖሩ የድሬ ልጆች ሲደውሉልኝ አንድ ጥያቄ አይቀርም፤ "ወርቅ ይሻላል ነዳጅ? የትኛውን ፈንድ ልግዛ?" ፈንድ ማለት የብዙ ሰው ገንዘብ በአንድ ተሰብስቦ የሚሠራበት ነው። እኔም መልሼ "ፈንዱ በእጁ የያዘው ምንድን ነው?" እላቸዋለሁ። ስሙ ላይ ወርቅ ወይም ጋዝ ተብሎ መጻፉ ብቻውን አይበቃም። አንዱ ፈንድ ዕቃውን ራሱን ገዝቶ ካዝና ያስገባል። ሌላው የሚይዘው ዕቃውን ወደፊት ለመረከብ የተገባ ውል ነው። ዕቃውን የሚያወጡ ኩባንያዎችን አክሲዮን የሚገዛም አለ። ሁሉም በአክሲዮን ገበያ ስለሚሸጡ ኢቲኤፍ ይባላሉ፤ ውጤታቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

እኔ ይህን የተማርኩት በአክስቴ ልጅ ነው። ከዚራ አብረን አድገን አሁን ሚኒሶታ ይኖራል። ክረምት ሲገባ የማሞቂያ ሂሳቡ እንደሚንር ስለሚያውቅ በመስከረም የተፈጥሮ ጋዝ ፈንድ ገዛ። ጥር ላይ ደወለ፦ "አቦ፣ ዜናው ጋዝ ጨምሯል ይላል፣ የኔ ለምን ወረደ?" ብርድ እንደሚመጣ የሚያውቀው እሱ ብቻ አልነበረም። የጥር ውል በመስከረም ሲሸጥ ብርዱ ዋጋው ውስጥ ገብቶ ነበር።

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ቡናና ሰሊጥ የሚያገበያየው በዕለት ዋጋ ስለሆነ ወደፊት የሚረከቡት ውል ለእኛ እንግዳ ነው። በማሽላ ላስረዳ። በወሩ መጨረሻ 20 ኩንታል ማሽላ የምትረከቡበት ውል ይዛችኋል እንበል፤ ኩንታሉ 5,000 ብር፣ በጠቅላላው 100,000 ብር። መጋዘን ስለሌላችሁ ማሽላውን መረከብ አትፈልጉም። ስለዚህ ቀኑ ከመድረሱ በፊት ውሉን ሸጣችሁ የሚቀጥለውን ወር ትገዛላችሁ። የሚቀጥለው ወር ግን የመጋዘን ኪራይና ሌላም ወጪ ተጨምሮበት 5,250 ብር ነው። በ100,000 ብራችሁ የምታገኙት 19 ኩንታልና ጥቂት ኪሎ ብቻ ነው። የዚያ ውል ቀን ሲደርስ ቀፊራ ገበያ ማሽላ አሁንም 5,000 ብር ቢሆን ገንዘባችሁ ወደ 95,200 ብር ወርዷል። የማሽላ ዋጋ ንቅንቅ አላለም፤ እናንተ ግን ወደ 5 በመቶ ከስራችኋል። ይህ በየወሩ ሲደጋገም አስቡት። በገበያው ቋንቋ የሚቀጥለው ወር ሲወደድ ኮንታንጎ ይሉታል፤ ዋናው ወጥመድም እሱ ነው። የቅርቡ ወር ከሚቀጥለው ሲወደድ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ውል ማሸጋገር ያተርፋል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2022 ነዳጅ ላይ ይህ ታይቷል። በዚያ ላይ ተማምኖ ለዓመታት መያዝን ግን አልመክርም።

በነዳጅ የደረሰው በአደባባይ የታየ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 20 ቀን 2020 የአሜሪካ ድፍድፍ ነዳጅ የግንቦት ውል ከዜሮ በታች 37.63 ዶላር ላይ ዘጋ፤ ማስቀመጫ ስለጠፋ የያዙት ሰዎች ገንዘብ ጨምረው አስረከቡ። ትልቁ የነዳጅ ፈንድ ዩናይትድ ስቴትስ ኦይል ፈንድ ውሎቹን ወደ ራቅ ያሉ ወራት ለመበተን ተገደደ፤ በዚያው ወርም ስምንት አክሲዮኑን ወደ አንድ አጠፈ። በዓመቱ፣ በመጋቢት 2021፣ ነዳጅ በ2020 መጀመሪያ ወደነበረበት 60 ዶላር አካባቢ ተመልሶ ነበር። የፈንዱ አክሲዮን ግን፣ ስምንቱ ወደ አንድ መታጠፉ ታስቦም፣ ከነበረበት ግማሽ እንኳ አልደረሰም። "ረክሷልና ልግዛ" ብለው የገቡ ብዙዎች የነዳጁን አቅጣጫ በትክክል ገምተው እንኳ የጠበቁትን ያህል አላገኙም።

ከዚህ ጋር ስታስተያዩት የወርቅ ፈንድ ቀላል ነው። ወርቅ አይበላሽ፣ አይተን፣ ጥቂት ቦታ ይበቃዋል፤ ስለዚህ ፈንዱ ጡቡን ገዝቶ ያስቀምጣል፣ የሚያሸጋግረው ውል የለም። እዚህ የምታወዳድሩት ክፍያውን ነው። ከእነዚህ የአሜሪካ የወርቅ ፈንዶች እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ያለው ጂኤልዲ በዓመት 0.40 በመቶ ይቆርጣል፣ አይኤዩ የሚባለው 0.25፣ ጂኤልዲኤም የሚባለው 0.10። በ10,000 ዶላር ላይ 40፣ 25 እና 10 ዶላር ማለት ነው። ለያዦች ወርቁ ያው ወርቅ ነው፤ በ40 የምትገዙበት ምክንያት አይታየኝም። አሜሪካ ግብር የምትከፍሉ ግን አንድ ነገር እወቁ፦ ከዓመት በላይ በተያዘ የወርቅ ፈንድ ትርፍ ላይ ግብሩ እስከ 28 በመቶ ይደርሳል፣ ከአክሲዮን ይበልጣል።

"ታዲያ አምባር ብገዛስ?" የምትል እህት አትጠፋም። ባለፈው መጋላ አንድ ወርቅ ቤት ከእህቴ ጋር ገብቼ ነበር። ባለሙያው አምባሩን ሚዛን ላይ አስቀመጠ፣ ፈርጦቹን በወረንጦ ነቅሎ እንደገና መዘነ፣ ከዚያ በግራም አባዛ። ስትገዛ የከፈለችው የእጅ ዋጋ አልተመለሰላትም። አምባር ለማጌጥ ይገዛ፤ ለትርፍ ብቻ ከሆነ ርካሹ ፈንድ ይበልጠዋል።

የማዕድን ኩባንያዎች ፈንድ ወርቅ አይደለም፤ የኩባንያዎቹን ዕዳና የሥራ ችግር አብሮ ይሸከማል። ኢቲኤን የሚባለውም የባንክ የዕዳ ወረቀት ነው፤ ባንኩ ከወደቀ ገንዘባችሁም አብሮ አደጋ ላይ ነው።

የዕቃውን የዕለት ጭማሪና ቅናሽ እጥፍ የሚያደርገውን ባለ ሁለት እጥፍ ፈንድ ጨርሶ አትንኩት። ነዳጅ ከ100 ወደ 90 ወርዶ በማግስቱ 100 ቢመለስ፣ ፈንዱ መጀመሪያ 80 ይሆናል፣ ከዚያ 22.2 በመቶ ቢጨምርም 98 አይሞላም። ነዳጁ ቦታው ተመልሶ እናንተ ጎድላችኋል።

የኔ ምርጫ ይኸው ነው፦ ለዓመታት ለሚቀመጥ ገንዘብ ካዝና ያለው ርካሽ የወርቅ ፈንድ፤ የነዳጅና የጋዝ ውል ፈንድ ለቀናት ወይም ለጥቂት ሳምንታት ገበያውን ቁጭ ብሎ ለሚከታተል ብቻ። እዚህ ድሬ ላለን ደግሞ ብርን ዶላር አድርጎ የውጭ አክሲዮን መግዛት እንደልብ አይደለም። በቴሌግራም "ገንዘቡን ላክልኝ፣ በስሜ ልግዛልህ" የሚላችሁ ሰው ካለ አትላኩ፤ በእሱ ስም የተገዛው የእሱ ነው።

የአክስቴ ልጅ የጋዙን ሸጦ ወጥቷል። አሁን አዲስ ፈንድ ሲያይ ከመግዛቱ በፊት የይዞታ ዝርዝሩን ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል።