የሽጉጥ አፎት ሲገዛ፦ ቆዳ፣ ካይዴክስ ወይስ ናይለን? ጎን ላይ፣ ፊት ለፊት ወይስ ብብት ስር?

አፎት ሊገዛ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ቶሎ ይመዘዛል ወይ?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ «ሲመለስስ?» እላለሁ። ሽጉጥ የታጠቀ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አንዴም ለአደጋ ሳይመዘው ሊኖር ይችላል። ወደ አፎቱ መመለስ ግን ሁልጊዜ አለ። ሽጉጥ የሚባርቅባቸው ሰዎችም ብዙ ጊዜ እዚችው ላይ ነው ጉድ የሚሆኑት። ጣት ምላጭ ላይ ተረስቶ ይቀራል። ወይም የሸሚዝ ጫፍ አብሮ ይገባል።

የእኔ የመጀመሪያ አፎት ናይለን ነበር። ርካሽ፣ ለስለስ ያለ፣ «ለሁሉም ሽጉጥ ይሆናል» ተብሎ የተሸጠልኝ። ሽጉጡ ሲወጣ አፉ ክድን ይላል። ስለዚህ ስመልስ በግራ እጄ እየከፈትኩ ነበር። አንድ ቀን በባዶ ሽጉጥ ስለማመድ የጃኬቴ ማጥበቂያ ገመድ፣ ጫፉ ላይ ካለችው ፕላስቲክ ጋር፣ በምላጩ ቀለበት ውስጥ ሾልካ ገባች። ገፋ ሳደርገው «ቀጭ» አለ። ያቺ ቀጭታ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች። ናይለንን ከውድድሩ ያስወጣሁት ያን ቀን ነው፤ እዚህም ከዚህ በላይ አላወራበትም።

የቀሩት ቆዳና ካይዴክስ የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ ናቸው። እዚህ ላይ ነው ክርክሩ።

ቆዳ ይመቻል። ድምፅ የለውም፣ ገላን አይቆረቁርም፣ ሲውል ሲያድር የሽጉጡንም የወገብንም ቅርጽ ይይዛል። ችግሩም ከዚሁ ይመጣል። ላብ እየጠጣ፣ እየታሸ፣ እየለሰለሰ ይሄዳል። ያረጀ ቆዳ አፉ ላይ ይታጠፍና እጥፋቱ ወደ ምላጩ ቀለበት ይገባል። ሽጉጡ ወደ ታች ሲገፋ ያ እጥፋት የጣትን ሥራ ይሠራል። ስለዚህ ቆዳ የሚገዛ ሰው አፉ በድርብ ቆዳ ወይም በብረት የተጠናከረ መሆኑን ይይ። ሽጉጥን ቆዳ አፎት ውስጥ አስቀምጦ ወራት ማሳለፍም ጥሩ አይደለም፤ ቆዳ እርጥበት ስለሚይዝ ብረቱን ያዝገዋል።

ካይዴክስ እ.ኤ.አ. በ1965 ለአውሮፕላን የውስጥ ክፍል ተብሎ የተሠራ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። በሙቀት ለስልሶ በሽጉጡ ልክ ይቀረጻል፣ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል። አፉ አይከደንም፣ ላብ አይጠጣም። ሽጉጡ ቦታው ሲደርስ «ጠቅ» ብሎ ይነግራችኋል። አያያዙ ከጠበቀ ወይም ከላላ በብሎን ይስተካከላል። በልክ መሠራቱ ግን ዕዳም አለው፦ ለግሎክ ሽጉጥ የተሠራው ማካሮቭን አይዝም። ሽጉጡ ላይ መብራት ከገጠማችሁበት እንኳ ሌላ አፎት ያስፈልጋል። የሽጉጡን ቀለም ይፍቃል፣ ጎን ይቆረቁራል፣ ብሎኖቹም ይላላሉ። ፀሐይ በሚያነደው መኪና ውስጥ የተረሳ ካይዴክስ ደግሞ ቅርጹን ሊለቅ ይችላል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ለጀማሪ ካይዴክስ። ጠባዩ ዛሬም ከዓመት በኋላም ያው ነው። ቆዳን እየተከታተለ፣ ጊዜው ሲያልፍ የሚጥል ሰው ግን በቆዳ አይጎዳም። ፊቱ ካይዴክስ፣ ጀርባው ቆዳ የሆነም አለ። ምቹ ነው፤ ግን የጀርባውን ቆዳ ጠርዝ እንደ ቆዳ አፎት መጠበቅ ነው።

ሽጉጡ ራሱም ምርጫውን ይወስናል። ግሎክ በአውራ ጣት የሚቆለፍ ነገር የለውም። መጠበቂያው ምላጩ ላይ ነው፤ 2.5 ኪሎ ገደማ የሚሆን ጉተታ ካገኘ ይተኩሳል፤ የጎተተው ጣት ይሁን ገመድ አይለይም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሽጉጥ ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ደረቅ አፎት ግዴታ ነው። ማካሮቭ የእጅ መቆለፊያ አለው፣ ሲቆለፍም መዶሻውን (ጥይቱን የሚያስተኩሰውን መምቻ) ያወርዳል፤ በዚያ ላይ የመጀመሪያው የምላጭ ጉተታ ረጅምና ከባድ ነው። ትንሽ ይቅር ይላል ማለት ነው። ቶካሬቭ በመጀመሪያ አሠራሩ መዶሻውን በግማሽ ከሚይዝ ጥርስ በቀር መቆለፊያ የለውም። እሱን ጥይት አጉርሶ መታጠቅ በየትኛውም አፎት ቢሆን አልመክርም።

አሁን ቦታው። ከቀበቶ ውጭ፣ በቀኝ ዳሌ ላይ (ግራኝ ከሆናችሁ በግራ) መታጠቅ ለመማር ከሁሉ ይቀላል። አፈሙዙ ወደ መሬት ያያል፣ አፎቱ በዓይን ይታያል፣ ልብስ ለመግለጥ ይመቻል። ግን ሌላውም ሰው ያየዋል። ሰው መሐል በግልጽ የሚታጠቅ ቢያንስ አንድ ማሰሪያ ወይም መልቀቂያ ቁልፍ ያለው ይግዛ። ማሸጊያው ላይ ሽጉጡን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ ለመናገር «ደረጃ 2»፣ «ደረጃ 3» የሚል ይጻፋል፤ አምራቾች አቆጣጠራቸው ስለሚለያይ የሁለት ድርጅቶችን ቁጥር አታወዳድሩ። መቆለፊያው ምን እንደሆነ በእጃችሁ ሞክሩ። በአውራ ጣት የሚለቀቀውን እመርጣለሁ። በአመልካች ጣት ተጭነው የሚለቁት ዓይነት ጣቱን እየተጫነ ወደ ምላጩ ይመራዋል።

ከሱሪ ውስጥ የሚገባው በደንብ ይደበቃል። ሱሪው አንድ ቁጥር መጨመሩን አትርሱ። እዚያው ከሱሪ ውስጥ ሆኖ ወደ ፊት፣ ከእምብርት ቀኝ የሚታጠቁም አሉ። ፈጣን ነው፣ ሰው ከኋላ አይነጥቅም። ነገር ግን አፈሙዙ የሚያየው ታፋችሁንና ትልቁን የደም ሥር ነው። ለጀማሪ አልመርጠውም። የለመዱት እንኳ አፎቱን ከወገባቸው አውልቀው፣ ሽጉጡን በእጃቸው በያዙት አፎት ውስጥ ከትተው፣ ከነአፎቱ መልሰው ይታጠቁታል። ይህ ዘዴ ለማንኛውም ቅንጥብ (ክሊፕ) ላለው አፎት ይሠራል።

ብብት ስር የሚንጠለጠለው ቀኑን ሙሉ መኪና ለሚነዳ ይመቻል፤ ፊልም ላይም ያምራል። አግድም ከተንጠለጠለ ግን አፈሙዙ ከኋላችሁ የቆመውን ሰው ያያል፣ ሲመዘዝም የራስን ክንድ አቋርጦ ያልፋል። ቁርጭምጭሚት ላይ ያለው ለሁለተኛ ሽጉጥ ካልሆነ ሩቅ ነው። ወገብ ከኋላ፣ አከርካሪ ላይ ግን ይቅርባችሁ። አንድ ቀን በጀርባ ብትወድቁ የምትወድቁት ብረት ላይ ነው። ኪስም ቢሆን የራሱ አፎት ይፈልጋል፤ በዚያ ኪስ ውስጥ ቁልፍም ሳንቲምም አይገባም።

ስለ ቀበቶ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሰስታል። ልፍስፍስ ቀበቶ ላይ የታሰረ ጥሩ አፎት ይወዛወዛል፣ ሲመዘዝም አብሮ ይነሳል። ጠንካራ ቀበቶ ግዙ፤ የአፎቱ ማስገቢያም በቀበቶው ስፋት ልክ ይሁን።

ደግሞ አፍ አውጥቶ የሚጠይቅ የለም እንጂ የመጸዳጃ ቤቱ ነገር አለ። ሽጉጡን አውጥቶ የሆነ ቦታ ማስቀመጥ የለም። ረስቶት የሚሄድ ሰው ሞልቷል። አፎቱ ውስጥ፣ ሱሪው ላይ እንዳለ ይቆይ።

ቤት ስትደርሱ ሞክሩት። መጀመሪያ የጥይት ካዝናውን አውጡ፣ የጎረሰ ጥይት እንደሌለ በዓይንም በጣትም አረጋግጡ፣ ጥይቱን ሌላ ክፍል አስቀምጡ። ከዚያ ሽጉጡን አፎቱ ውስጥ አድርጋችሁ አልጋ ላይ ገልብጣችሁ ነቅንቁት፤ መውደቅ የለበትም። ከውጭ በኩል ምላጩ ባለበት በአውራ ጣት ተጫኑ፤ ምላጩ መንቀሳቀስ የለበትም። ታጥቃችሁ ተቀመጡ፣ አጎንብሳችሁ ጫማ እሰሩ፣ ደረጃ ውጡ። በመጨረሻ ምዘዙና ልብሳችሁን ገልጣችሁ፣ አፎቱን እያያችሁ፣ ጣታችሁን ከምላጩ አርቃችሁ ቀስ ብላችሁ መልሱት። አፉን ለመክፈት ሌላኛው እጃችሁ ካስፈለገ ደረሰኙን ይዛችሁ ወደ ሱቁ መልሱት።