«የትኛውን መጠን ነው የምትፈልገው?» ብለው ለጠየቁኝ ባለሙያ

ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ «ባለሙያዋ» እያልኩ እቀጥላለሁ። የመግነጢሳዊ ናኖ ቅንጣቶችን መጠን የሚለኩ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናቸው። የመመረቂያ ጥናቴን ከመውደቅ ያተረፉልኝ እሳቸው ስለሆኑ በአደባባይ ላመሰግናቸው እፈልጋለሁ።

የሠራኋቸው የማግኔታይት (መግነጢሳዊ የብረት ኦክሳይድ) ቅንጣቶች 10 ናኖሜትር አካባቢ መሆን ነበረባቸው፤ አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ሌላ ቦታ በብርሃን ብተና፣ ማለትም ቅንጣቶቹ ከሚበትኑት ብርሃን ተነስቶ መጠናቸውን በሚያሰላ ዘዴ፣ ሲለኩ ግን 120 ናኖሜትር የሚል አንድ ቁጥር ብቻ የሰፈረበት ወረቀት ተሰጠኝ። የወራት ድካሜ ከንቱ የቀረ መሰለኝ። ሁሉንም ጥዬ እንደ አዲስ ልጀምር ስል ነው ወደ ባለሙያዋ የሄድኩት። ወረቀቱን አይተው፣ «የትኛውን መጠን ነው የምትፈልገው?» አሉኝ።

ጥያቄው አልገባኝም ነበር። ሥራቸውን አቁመው አስረዱኝ። የብርሃን ብተና የሚለካው ቅንጣቱን ፈሳሽ ውስጥ ሲርመሰመስ ነው፤ ማግኔታይቱን ብቻ ሳይሆን ሽፋኑንና አብሮት የሚጓዘውን ፈሳሽም ይጨምራል። በዚያ ላይ የትንንሽ ቅንጣቶች ብርሃን የመበተን ኃይል በዲያሜትራቸው ስድስተኛ ርቢ ያድጋል። ስለዚህ በዲያሜትር 10 እጥፍ የሚበልጥ አንድ እጅብ (እርስ በርስ የተጣበቁ ቅንጣቶች ስብስብ) የአንድ ሚሊዮን ትንንሾችን ያህል ብርሃን ይበትናል። ጥቂት እጅቦች ወይም አቧራ የብዙኃኑን ድምፅ ይውጡታል ማለት ነው።

ከዚያ ናሙናውን አቅጥነው ለኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አዘጋጁት። ቅንጣቶቹ መያዣው ላይ በደንብ መጣበቃቸውን ሳያረጋግጡ ግን አላስገቡትም። የማይክሮስኮፑ ሌንስ ራሱ ብርቱ ማግኔት ስለሆነ፣ ያልተጣበቀ የማግኔት ዱቄት ተስቦ ሊለጠፍበት ይችላል። 50 ቅንጣት ለክተው ሊሸኙኝ ይችሉ ነበር፤ እሳቸው ከተለያዩ ቦታዎች በተነሱ ምስሎች ላይ ከ500 በላይ ለኩ። አማካዩ 11 ናኖሜትር ሆነ! ከአማካዩ ጋር ሥርጭቱንም በግራፍ ሰጡኝ። ምስሉ ላይ ተጠጋግተው የሚታዩትን እያሳዩኝ፣ «ይህ ሲደርቅ የመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ ፈሳሹም ውስጥ እንዲህ ናቸው ብለህ እንዳትጽፍ» አሉኝ። ውጤት ሰጥቶ የውጤቱን ወሰን የሚናገር ሰው ብዙ አላጋጠመኝም።

ከመግነጢሳዊ ባሕርዩ ተነስተው ሲያሰሉት ደግሞ 9.5 ናኖሜትር መጣ። እዚህም ላይ ደንግጬ ነበር። ለካ በቅንጣቱ ገጽ ላይ መግነጢሳዊው ሥርዓት ስለሚዛባ፣ መግነጢሳዊው አስኳል በማይክሮስኮፕ ከሚታየው አካል ብዙ ጊዜ ያንሳል። በመጨረሻም ፈሳሹን በጥሩ ማጣሪያ አሳልፈው በብርሃን ብተና ደግመው ሲለኩት 120 የነበረው 31 ሆነ፤ ለወፈረው ሽፋኔ የሚስማማ ቁጥር ነው። ቅንጣቶቼ ደህና ነበሩ፤ ያሳሳተኝ ጥቂት እጅብ ነው።

መጠን ማስለካት ለምትፈልጉ ሁሉ እሳቸውን ሳላመነታ እጠቁማለሁ፤ በግል ለጠየቀኝ አድራሻቸውን እልካለሁ። ስትሄዱ ናሙናውን አድርቃችሁ ዱቄት አታድርጉት፤ አንዴ ከደረቀ መልሶ መበተኑ አስቸጋሪ ነው። የሽፋኑን ዓይነት፣ ፈሳሹ ምን እንደሆነና ቅንጣቶቹን ለምን እንደምትፈልጓቸው ጽፋችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ ይህንኑ ነው።

እትዬ፣ ይህን ካነበቡት፣ በእርሳስ የጻፉልኝ የሦስቱ መጠኖች ሠንጠረዥ እንዳለ በጥናቴ ውስጥ ገብቷል። እድሜና ጤና ይስጥልኝ።