የጫካ ሥጋ ወይስ የጓሮ ዶሮ?

በኮንጎ ተፋሰስ ደን ውስጥ ለሚኖር ቤተሰብ የቱ ያዋጣል፣ አድኖ የዱር እንስሳ ሥጋ መብላት ወይስ ዶሮ ማርባት?

ወጪ፦ ለወጥመድ አንድ ቁራጭ ሽቦ ይበቃል። ዶሮ ግን ቆጥ፣ መኖና ክትባት ትፈልጋለች። ፈንግል ከገባ ደግሞ ጓሮው ባዶ ይቀራል።

ጤና፦ ዋናው ጣጣ እዚህ ጋ ነው። ብዙ ሰው የሚፈራው ድስቱን ነው፤ የባሰው ግን ቢላው ላይ ነው፣ ጥሬው ደም የተቆረጠ ጣት ሲያገኝ። እ.ኤ.አ. በ1996 ጋቦን ውስጥ ማይቡት በተባለች መንደር ሞቶ የተገኘ ቺምፓንዚ የበለቱ ሰዎች ኢቦላ ያዛቸው። ዶሮም ብትሆን የወፍ ጉንፋን አለባት።

ደኑ፦ የታደነው ቶሎ አይተካም፤ ሚዳቋ በአንዴ የምትወልደው አንድ ነው። ጎሪላማ በየስንት ዓመቱ!

ለማን? ከገበያ ለራቀ መንደር ቶሎ የሚዋለዱትን ብቻ ማደን ያስኬዳል። ከተማ ተቀምጦ ለቅንጦት ለሚገዛው ግን ዶሮ ምን አነሰው?