በአንድ እጅ ማርሽ እንድቀይር ላስቻለኝ የባሕር ዳር ባለሙያ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ውለታ የዋለልኝን አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ በአደባባይ ለማመስገንና፣ እንደ እኔ መፍትሔ አጥቶ የሚንከራተት ሰው ካለ ወደ እሱ እንዲሄድ ለመጠቆም ነው። ባለሙያው የሚሠራው እዚሁ ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ነው። የሠራልኝም በኦቶማቲክ መኪናዬ መሪ ሥር የተገጠመ፣ በጣት ብቻ ተነክቶ ማርሽ የሚጨምርና የሚቀንስ መቀየሪያ ሲሆን፣ በዘመናዊ መኪኖች ላይ ፓድል ሺፍተር የሚባለው ነው። ከውጭ የመጣ ዕቃ አይደለም፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በገዛ እጁ የሠራው ነው።

ቀኝ ክንዴ ክርኔ ላይ ከተሰበረ ወዲህ ድኗል ቢባልም ጉልበቱ አልተመለሰልኝም። መሪ ላይ አርፎ መደገፍ ይችላል፤ ሐኪሜም መንዳት እንደምችል ነግሮኛል። እየነዳሁ የማርሹን ዘንግ ወደ ፊት መግፋትና ወደ ኋላ መሳብ ግን አቃተኝ። ከተማ ውስጥ ዘንጉን መኪናው ማርሹን ራሱ ወደሚቀይርበት ወደ ዲ (D) አስገብቶ መሄድ ስለሚቻል ይህ ብዙ አያስቸግርም፤ የሚያስጨንቀው ቁልቁለት ነው። እናቴን ለሕክምና ክትትል ወደ አዲስ አበባ የማመላልሳት እኔ ነኝ። በዳንግላና በደብረ ማርቆስ ብንሄድም፣ በሞጣ ብናቋርጥም፣ ከደጀን በኋላ የዓባይን በረሃ መውረድ አይቀርልንም። መንገዱ እስከ ወንዙ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይጠመዘዛል፤ በፍሬን ብቻ የወረደ ሰው የፍሬኑ ሸራ ግሎ ፍሬኑ እምቢ ሊለው እንደሚችል መስመሩን የሚያውቅ ሹፌር ሁሉ ይመሰክራል። መኪናው በከባድ ማርሽ ተይዞ፣ በሞተሩ ጉልበት እየተገታ መውረድ አለበት። ለዚህ ደግሞ ማርሹን በእጅ ማዘዝ የግድ ነው። እናቴ ከኋላ ወንበር ዳዊቷን ስትደግም እየሰማሁ፣ እግሬን ከፍሬን ላይ ሳላነሳ ያንን ገደል የወረድኩበትን ጭንቀት ለማንም አልመኝም።

መፍትሔ ፍለጋ የዞርኩባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም፤ የደረሰብኝን ግን ሳልናገር አላልፍም። አንደኛው ቦታ ነገሬን ሳልጨርስ፣ ቁልቁለት የሚፈራ ሰው ሹፌር ቢቀጥር ይሻላል ብሎ በሠራተኞቹ ፊት አሰናበተኝ። ሌላው የመሪው ሙሉ ዕቃ ከውጭ መምጣት አለበት ብሎ ቀብድ ተቀበለና ስልክ ማንሳት አቆመ። ከሁሉም የከፋው ግን እንሞክር ብሎ ዳሽቦርዱን የፈታው ነው። መኪናዬን ሲመልስልኝ ክላክሱ አይሠራም፤ በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ሰውን የሚከላከለው የኤርባጉ የማስጠንቀቂያ መብራትም በርቶ ቀረ። ስጠይቀው «ሲመጣም እንዲሁ ነበር» አለኝ። ገንዘቤን ከፍዬ፣ በገዛ ንብረቴ ላይ ውሸታም ተብዬ የወጣሁበት ቀን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ወደዚህ ባለሙያ የመራኝ አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው፤ እግዚአብሔር ይስጠው። ባለሙያው ገና ወጣት ነው። ሳያቋርጠኝ አዳመጠኝና መጀመሪያ ያየው የማርሹ ዘንግ አጠገብ የመደመርና የመቀነስ ምልክት መኖሩን ነበር። ምልክቱ ባይኖር ኖሮ ሥራውን እንደማይቀበል በግልጽ ነገረኝ። በዚህ ዓይነት መኪና ላይ ዘንጉ ሲገፋ ከሥሩ ያለች ትንሽ ማብሪያ ተነክታ ለካምቢዮው ኮምፒውተር መልእክት እንደምትልክ፣ እሱም የሚሠራው ያችኑ መልእክት ከመሪው ሥር ሆና የምትልክ ሌላ ማብሪያ እንደሆነ አስረዳኝ። ሞተሩ ከልክ በላይ በሚጮህበት ፍጥነት ላይ ማርሽ ልቀንስ ብል ምን ይሆናል ብዬ ስጠይቀው፣ «ጋሼ፣ የበር ደወል ሲጫኑ በሩን የሚከፍተው ከውስጥ ያለው ሰው ነው። ኮምፒውተሩም ካላመነበት አይከፍትም» አለኝ። የቀረው የገመዱ ነገር ለእኔ አይገባኝም፤ ይህችን ግን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ከሁሉ በላይ ልነግራችሁ የምፈልገው ሥራው በተጀመረበት ቀን የሆነውን ነው። መሪው አካባቢ ከመንካቱ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፈታና፣ የኤርባጉ ኤሌክትሪክ እስኪወርድ ጥቂት መቆየት ግዴታ ነው ብሎ አስቀመጠኝ። ዳሽቦርዴን የፈታው ሰው ይህን ሲያደርግ አላየሁም ነበር። በዚያ መሐል ጎረቤቱ ቡና የምታፈላው እናት ስኒ አቀበለችኝ፤ እኔም በግራ እጄ ተቀብዬ፣ ስለ ነውሩ ይቅርታ ጠየቅኋት። ስለ ክንዴ ለባለሙያው አልነገርኩትም ነበር፤ ሹፌር ቅጠር የተባልኩበት ቀን አንደበቴን ይዞኝ ነበርና። እሱ ግን ስኒውን ያዝኩበትን እጅ አየ። ጠረጴዛው ላይ ለግራና ለቀኝ ያዘጋጃቸው ሁለት መቀየሪያዎች ነበሩ። የቀኙን አነሳና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ ሁለቱንም በግራ በኩል አድርጌ ልሥራልዎት?» አለኝ። ምን ሆነህ ነው አላለኝም፤ ከንፈርም አልመጠጠልኝም። ዕንባዬ ስለመጣ መልስ የሰጠሁት በጭንቅላቴ ነው።

ከዚያ ሥራውን እንደገና ከሥሩ ጀመረው። የአሉሚኒየም ላሜራ ቆርጦ፣ ጣት እንዳይቆርጥ ጠርዙን በሞረድ አለሰለሰው። ላይኛው ማርሽ ይጨምራል፤ ታችኛው ይቀንሳል። ዓይኔን ከመንገድ ሳላነሳ እንድለያቸው የታችኛው ጀርባ ላይ በሞረድ ጎድጎድ ያለ መስመር አወጣለት። ማብሪያዎቹን ያወጣቸው ከአሮጌ የኮምፒውተር ማውስ ውስጥ ነው፤ ስትነኳቸው ጭቅ የሚሉት በጣት ይሰማል። ከመሪው ጋር በሚዞረው ክፍል ላይ ሳይሆን በማይዞረው በታችኛው ሽፋን ላይ ገጠማቸው፤ ምክንያቱም ከሚዞረው ክፍል ጋር የተያያዘውን የኤርባግና የክላክስ ገመድ መነካካት አልፈለገም። መሪው ተጠምዝዞ ሳለ መቀየሪያዎቹን መፈለግ ስለማይመችም፣ መጠምዘዣው ውስጥ ከመግባቴ በፊት ማርሽ እንድቀንስ መከረኝ። ለነገሩ የበረሃው መንገድ ትክክለኛ አነዳድም ይኸው ነው። እየሠራም፣ ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1989 ፌራሪ በፎርሙላ ዋን እሽቅድምድም ላይ ይዞት ገብቶ የመጀመሪያ ውድድሩን ብራዚል ላይ እንዳሸነፈበት አጫወተኝ። ጥበቡ ለእሽቅድምድም ተሠርቶ ለእኔ ለደካማው ክንድ መድረሱ አስደነቀኝ።

ሲጨርስ ቤተ መንግሥቱ ወዳለበት ወደ ቤዛዊት ኮረብታ አብረን ወጣን። ከቤተ መንግሥቱ ቁልቁል ስንመለስ «አሁን የታችኛውን» አለኝ፤ ነካሁት፣ ሞተሩ ድምፁን ከፍ አደረገ፣ መኪናውም ፍሬን ሳልይዝ ረገብ አለ። ክላክሱም ሠራ፤ የኤርባጉ መብራትም ጠፋ። በደንብ ያልገባ ሶኬት አግኝቶ ነበር ያስተካከለው። ለዚህ አልከፍልም ወይ ስለው «እሱ የእርስዎ ዕዳ አይደለም» ብሎ እምቢ አለኝ። የቀደሙትን ባለሙያዎች አንድም ክፉ ቃል አልተናገራቸውም። ለሁሉም ሥራ የጠየቀኝ ዋጋ መኪናዬን አበላሽቶ ለመለሰልኝ ሰው ከከፈልኩት ያነሰ ነው።

ከዚያ ወዲህ የዓባይን በረሃ ወርጃለሁ። ደጀን ላይ ቆሜ ዘንጉን በግራ እጄ ተሻግሬ የመደመርና የመቀነስ ምልክቱ ወዳለበት ጎን አስገባዋለሁ፤ ይህ እንደማይቀርልኝም አስቀድሞ ነግሮኛል። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር በጣቴ ነው። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ሸራው አልሸተተም፤ እናቴም «ያንን ልጅ እጁ ይባረክ» አለች። እኔም አሜን ብያለሁ።

ወገኖቼ፣ በተለይ እጃችሁ ወይም ክንዳችሁ ተጎድቶ መኪናችሁን ለመሸጥ ያሰባችሁ፣ ከመሸጣችሁ በፊት እባካችሁ ይህን ልጅ አነጋግሩት። የማይችለውን አልችልም ይላችኋል፤ የሚችለውን ደግሞ ከጠየቃችሁት አብልጦ ይሠራላችኋል። ደግሜ እላለሁ፣ ሂዱ። ስሙንና ስልኩን እዚህ ያላወጣሁት እሱን ሳላስፈቅድ ማውጣት ስላልፈለግሁ ነው፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ አስፈቅጄ እሰጣለሁ። ስትደውሉለት የመኪናችሁን ዓይነትና የተሠራበትን ዓመት ንገሩት፤ የማርሹን ዘንግ በደንብ የሚያሳይ ፎቶም ላኩለት፤ ይሆናል ወይም አይሆንም የሚለውን ከቤታችሁ ሳትወጡ ይነግራችኋል።