ሳሎናችሁ ውስጥ ምን ትሰቅላላችሁ? ስፌት፣ ሽመና ወይስ ሥዕል

ኮንዶሚኒየም የገባሁ ሰሞን ሳሎኔ ባዶ ነበር። ግድግዳው ነጭ፣ ወለሉ ሴራሚክ። ሲያወሩበት ያስተጋባል። ባዶነቱ አስጨነቀኝና ቸኩዬ ባለ ሦስት ክፍል ትልቅ የካንቫስ ሕትመት ገዛሁ፤ ወርቃማ ቅጠሎች ያሉበት። ወር ሳይሞላ ጎረቤቴ ቡና ጠራችኝ። ከሶፋዋ በላይ ያው ቅጠል ተሰቅሏል። ለፋሲካ ዘመድ ጋ ሄድኩ፤ እዚያም አለ። ሕትመቱ ነውር የለበትም። ግን ግድግዳዬ ስለ እኔ አንድም ነገር እንደማይናገር ያን ጊዜ ገባኝ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ገዝቻለሁ፣ ሰቅያለሁ፣ አውርጃለሁም። ጓደኞቼ አዲስ ቤት ሲገቡ "ምን ልግዛ?" ብለው ይደውሉልኛል። መልሴ እንደ ቤቱና እንደ ሰዉ ይለያያል። እስቲ በእጅ የሚሠሩትን ጌጦች ጎን ለጎን ላስቀምጥላችሁ። የቱ ለማን እንደሚሆን፣ ሲገዛ ምኑ እንደሚታይ፣ የቱ እንደሚበረክት።

መጀመሪያ እናታችሁ ቤት

አንድ ብር ከማውጣታችሁ በፊት የቤተሰባችሁን ቁም ሣጥን ክፈቱ። እናቴ በልጅነቴ ማታ ማታ በኪሮሽ ዳንቴል ትሠራ ነበር። ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ቡፌው ላይ፣ የሶፋው መደገፊያ ላይ ነጭ ዳንቴል ነበረ። ጊዜው አለፈና ተጣጥፎ ሻንጣ ገባ። እኔ አንዱን ክብ ዳንቴል አወጣሁት። አጠብኩት፣ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ላይ ዘረጋሁት፣ ፍሬም ውስጥ አስገባሁት። ያወጣሁት የፍሬሙን ዋጋ ብቻ ነው። ቤቴ የሚመጣ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀኝ ስለ እሱ ነው።

አሮጌ አገልግል፣ ብርሌ፣ የቀንድ ዋንጫ፣ የአባት ክራር፣ የአያት የሠርግ ፎቶ፣ ሁሉም እንዲሁ ናቸው። የትም ሱቅ አይገኙም። ችግራቸው አንድ ነው፤ ከተበላሹ ምትክ የላቸውም። ስለዚህ የድሮ ፎቶ ከሆነ ዋናውን አትስቀሉት። ስካን አስደርጉና ቅጂውን አሳትሙ። ፎቶ በፀሐይ ይገረጣል። ከመስታወት ጋር ተጣብቆ እርጥበት ካገኘው ደግሞ ሳይቀደድ አይላቀቅም።

ስፌትና ሽመና

ወደ መግዛቱ ስንመጣ ብዙ ሰው የሚያመነታው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። እኔም ረጅም ጊዜ አመንትቻለሁ።

ስፌት፣ ማለትም ከሣር የሚሰፋው እንደ ሰፌድ ያለው ዕቃ፣ ግድግዳ ላይ ምን ያህል ሊያምር እንደሚችል ማየት የፈለገ ሐረር ይሂድ። በግንብ በታጠረችው አሮጌ ከተማ፣ ጁገል ውስጥ ባለው የሐረሪዎች ቤት የዋናው ክፍል ግድግዳ በስፌትና በሳህን ተሞልቶ ታገኙታላችሁ። መቀመጫው ከፍና ዝቅ ብሎ የተሠራ መደብ ነው። ስፌቶቹን የሚሠሩት ሴቶቹ ናቸው፤ ሙሽራም ይዛቸው ትገባለች። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገባ የእነዚህ ቤቶች ውስጣዊ አሠራር አንዱ ምክንያት ነበር። እኔ ከዚያ ግድግዳ የተማርኩት ስፌት ብቻውን እንደማይሰቀል ነው። አንድ ሰፌድ ሰፊ ግድግዳ ላይ የጠፋ ይመስላል። አምስት ወይም ሰባት ሆነው፣ ትልቅና ትንሽ ተቀላቅለው ሲሰቀሉ ግን ክፍሉ ይሞቃል።

ጥሩ ስፌት ከአክርማና ከስንደዶ፣ በወስፌ ነው የሚሠራው። ሣሩ ቀለም ይነከራል፤ ከዚያ ዙር በዙር ይሰፋል። አንድ መካከለኛ ባለ ብዙ ቀለም ስፌት የአንዲት ሴት የሳምንታት ሥራ ነው። ዋጋው ሲነገራችሁ ይህን አስቡ። አሁን አሁን በፕላስቲክ ክር የሚሠሩም አሉ። ቀለማቸው ይጮኻል፣ ውኃም አይፈሩም። ለምግብ ማቅረቢያ ይመቻሉ፤ ለግድግዳ ግን እኔ ሣሩን ነው የምመርጠው። ብርሃን ሲያርፍበት ያለው ወዝ ሌላ ነው።

ስትገዙ ጀርባውን ገልብጡት። ፊቱ የሚያምር፣ ጀርባው የተንጠለጠለ ከሆነ ተቻኩሎ የተሠራ ነው። በጣታችሁ ጫን በሉት፤ ዙሮቹ መለያየት የለባቸውም። ወደ መስኮት አቅንታችሁም እዩት። ብርሃን በስፌቱ መካከል ካለፈ ስፌቱ ላላ ማለት ነው። በመጨረሻ እርጥብ ጥጥ ጠርዙ ላይ አሹበት። ቀለሙ ከለቀቀ ነጭ ግድግዳችሁን ያበላሻል።

ወደ ሽመናው እንምጣ። አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ሽሮ ሜዳ ቅርብ ነው። ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች የከተማዋን የሽመና ሥራ ለረጅም ዘመን ይዘውት ኖረዋል። ብዙ ሰው ሽሮ ሜዳ የሚሄደው ቀሚስ ፍለጋ ስለሆነ ጥለቱን ብቻ ማሠራት እንደሚቻል ትዝ አይለውም። ይቻላል። ሽመና ስፌትን የሚበልጥበት ቦታም ይኸው ነው። ቀለሙን እናንተ ትመርጣላችሁ። ከሶፋችሁ ጨርቅ ወይም ከመጋረጃችሁ ቁራጭ ይዛችሁ ሂዱና "ከዚህ ጋር የሚሄድ ጥለት" በሉ። እኔ የእናቴ የሠርግ ቀሚስ ላይ ያለውን ጥለት ፎቶ አንስቼ ሄድኩ። ሸማኔው ትንሽ አየው፣ ክሮቹን ቆጠረና ያንኑ ሠራልኝ። ከአልጋዬ በላይ የተሰቀለው እሱ ነው።

ልኩን ስታዙ አንድ ነገር እወቁ። የባህል ሸማ ስፋት ሸማኔው መወርወሪያውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ከሚያቀብልበት ርቀት ብዙ አያልፍም። ጋቢም ነጠላም መሐሉ ላይ የተገጠመው በዚህ ምክንያት ነው። ሰፊ ነገር ካዘዛችሁ መገጣጠሚያ ይኖረዋል። ረጅምና ጠባብ ካዘዛችሁ ግን ወጥ ይሆናል፤ ለግድግዳም እሱ ያምራል።

ሽመና ስትገዙም መገልበጥ አይቀርም። በማሽን የታተመ አስመሳይ ጥለት ገበያው ውስጥ አለ። የታተመው ጀርባው የገረጣ ነው። የተሸመነው ግን ክሩ በጀርባም ይታያል። ድሩና ማጉ ምን እንደሆነም ጠይቁ። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ወጣ ገባ ይላል፤ ዳሰስ ስታደርጉት ይታወቃል። የፋብሪካ ክር ለስላሳና እኩል ነው። ሁለቱም መልካም ናቸው፤ ዋጋቸው ግን አንድ መሆን የለበትም።

ለማስተጋባት ጨርቅ መድኃኒት ነው። ሴራሚክ ወለል ያለው ባዶ ሳሎን ውስጥ ሰፋ ያለ ሽመና ሲሰቀል ድምፁ ወዲያው ይለዝባል። ለኪራይ ቤትም ይመቻል። ሁለት ሚስማርና አንድ ዘንግ ይበቃዋል፤ ስትለቁ አጣጥፋችሁ ትሄዳላችሁ። ሲቆሽሽ በቀዝቃዛ ውኃ በእጅ ይታጠባል፤ ቀለሙ እንደማይለቅ ጠርዙ ላይ ሞክራችሁ ግን። ስፌት አይታጠብም። በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ማራገፍ ብቻ ነው። ወጥ ቤት አጠገብ እንፋሎት ካገኘው ይሻግታል። ሁለቱም ፀሐይ አይወዱም፤ ከመስኮት ፊት ለፊት አታድርጓቸው።

ተከራይ ለሆነ፣ ቶሎ ቶሎ ቤት ለሚቀይር፣ ወይም የራሱን ቀለም ለሚፈልግ ሽመናን እመክራለሁ። የራሱ ቤት ላለውና ቀስ በቀስ አንድ አንድ እያለ መሰብሰብ ለሚወድ ደግሞ ስፌትን።

ሥዕል

ሥዕል ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ተሳስቻለሁ። በእጅ የተሣለ ሁሉ ልዩ አይደለም። እንስራ ያዘለችው ሴት፣ ጀበና የያዘችው ሴት፣ ጎጆ ቤቱ፣ በየሱቁ እየተደጋገሙ የሚሣሉ ናቸው። ያንን ከገዛችሁ ከእኔ ወርቃማ ቅጠል ብዙም አትርቁም።

የባህሉን አሣሣል ለሚወድ የተሻለ ነገር አለ። የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ በትንንሽ ክፍሎች ተከፋፍሎ፣ እንደ መጽሐፍ ተራ በተራ የሚነበበው ሥዕል ለልጆች ክፍል እንኳ ይሆናል። የዐድዋ ሥዕልም አለ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ከላይ ሆኖ። ሠዓሊው ባህሉን እንደሚያውቅ የሚለይበት ምልክት ልንገራችሁ። በቀድሞው ሥርዓት መልካሙ ሰው ሁለት ዓይኑ ታይቶ፣ ፊት ለፊት ይሣላል። ጠላትና ክፉ ሰው ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። የዐድዋ ሥዕል ላይ ወገንና ጠላት ተደበላልቆ ከተሣለ ሠዓሊው ይህን ሥርዓት አልተከተለም።

ሥዕሉ ብራና ላይ ከሆነና ሻጩ "የጥንት ነው" ካላችሁ ተዉት። በጭስና በቀለም እንዲያረጅ የተደረገ ከሆነ የከፈላችሁት ለውሸት ነው። እውነትም ጥንታዊ ከሆነ ደግሞ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም ገዳም የወጣ ቅርስ ሊሆን ይችላል፤ ሳሎን ቦታው አይደለም። አዲስ ብራና ላይ በአዲስ የተሣለ፣ አዲስ መሆኑም የተነገረለት ግን ደስ የሚል ነገር ነው። ብራና ቆዳ ስለሆነ በእርጥበት ይኮማተራል። ስለዚህ ፍሬም ስታስገቡት ከመስታወቱ ትንሽ ይራቅ።

የኔ ምርጫ የወጣት ሠዓሊዎች ሥራ ነው። በ1950 ዓ.ም. ገደማ የተመሠረተውና አሁን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው፣ በመሥራቹ በሠዓሊ አለ ፈለገሰላም ስም የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የምረቃ ሥራቸውን ለሕዝብ ያሳያሉ። ሂዱ። ሥዕሉን ብቻ ሳይሆን ሠዓሊውን አግኝታችሁ፣ ለምን እንደሣለው ጠይቃችሁ ትገዛላችሁ። ከስፌትና ከሽመና ውድ ሊሆን ይችላል። ግን ለአንድ ግድግዳ አንድ ሥዕል ስለሚበቃው ስታሰሉት ብዙ አይራራቅም።

ሸክላና እንጨት

ሸክላ ዋጋው ቀላል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቀጨኔ ሄዶ ከሠሪዎቹ እጅ መግዛት ይቻላል። ጎንደር አጠገብ ወለቃ የሚሸጡት ትንንሽ የሸክላ ምስሎች ደግሞ ታሪክ አላቸው። መንደሩ የቤተ እስራኤሎች ነበር፤ ዛሬ የእነሱ ልጆች እስራኤል ናቸው። ሸክላ ልጅ ባለበት ቤት ከፍ ያለ መደርደሪያ ይፈልጋል። ስትገዙ በጣታችሁ መታ አድርጉት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰጠ የተሰነጠቀ ነው። እባካችሁ ቀጨኔ ስትሄዱ በዋጋ አትጨክኑ። ከጀበናው ሁላችንም ጠጥተናል፤ የሠራችውን ሴት ግን ዘመን ሙሉ ስንንቃት ኖረናል።

ከእንጨት የጅማ በርጩማ ልዩ ፍቅር አለኝ። መቀመጫውም እግሮቹም ከአንድ ግንድ የተፈለፈሉ መሆናቸውን እዩ፤ ተለጥፎ የተሠራ መገጣጠሚያው ይታያል። ከሥሩ ጥቃቅን ቀዳዳና ዱቄት ካለ ነቀዝ ገብቶበታል፤ ቤት አታስገቡት። የኮንሶን ዋካ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ግን በፍጹም አትግዙ። ዋካ ለሟች መታሰቢያ መቃብር ላይ የሚቆም ሐውልት ነው። እየተሰረቀ ሲሸጥ ኖሯል።

ሚስማር ከመምታታችሁ በፊት

ግድግዳችሁን አንኳኩ። ብሎኬት ከሆነ በድሪል በስታችሁ ፊሸር (ብሎኑን አጥብቆ የሚይዘውን ፕላስቲክ) አስገቡ። አንዳንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የክፍል መለያው አግሮስቶን የሚባል ቀላል ሰሌዳ ነው፤ እሱ ላይ ስፌትና ሽመና እንጂ ከባድ የመስታወት ፍሬም አትስቀሉ። የሥዕሉ መሐል ከወለል 1.5 ሜትር ገደማ ይሁን። እኛ ጋ ጣሪያ ሥር መስቀል ልማድ ሆኗል፤ እንግዳ አንገቱን ያመዋል። ከሶፋ በላይ ከሆነ ከመደገፊያው 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ስፋቱ የሶፋውን ሁለት ሦስተኛ ቢይዝ ያምራል። ብዙ ስፌት ከሆነ መጀመሪያ ወለል ላይ ደርድራችሁ በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ከዚያ ወደ ግድግዳ።

ዋሽንግተን፣ ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ለምትኖሩ ንጽጽሩ ይቀየራል። ሽመና ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጅም። የካንቫስ ሥዕል ከፍሬሙ ወጥቶ ይጠቀለላል። ስፌት ቀላል ቢሆንም ቦታ ይበላል፤ ትንሹን ከትልቁ ውስጥ እየከተታችሁ ልብስ ሙሉበት። ሸክላ በእጅ ሻንጣ ካልሆነ አይደርስም። ሣር፣ እንጨትና ቆዳ ስትገቡ ለጉምሩክ ማሳወቅ ይሻላል። ከኢትዮጵያ ስትወጡ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ ይከለክላል። አዲስ መስቀልም ሆነ ብራና አሮጌ ሊመስል ስለሚችል ደረሰኙን ያዙ። ጥርጣሬ ካለ ቀደም ብላችሁ የቅርስ ባለሥልጣን ዘንድ አሳዩት።

አንድ የኔ ልማድ ልጨምርላችሁ። ምንም ነገር ስገዛ የሠራው ሰው ስም ማን እንደሆነ እጠይቃለሁ። ቤት ስገባ ስሙን፣ ቦታውንና ዓመተ ምሕረቱን በትንሽ ወረቀት ጽፌ ከጀርባው አስራለሁ። ከዳንቴሉ ፍሬም ጀርባም የእናቴ ስም ተጽፏል። ልጄ ማንበብ ስትጀምር መጀመሪያ ገልብጣ ያነበበችው እሱን ነው።