በህዳሴ ዘመን አምሳል የተሠራ የብር ሜዳልያ፣ ከደብረ ብርሃን

በደብረ ብርሃን ገበያ አቅራቢያ ካለ አሮጌ የብር ጌጥ መሸጫ የገዛሁት የአንገት ሜዳልያ፣ በጣሊያን የህዳሴ ዘመን ሥዕሎች አምሳል የእመቤታችንና የልጇ ምስል የተቀረጸበት የስተርሊንግ ብር ነው። በጀርባው 925 የሚል ማኅተም ተመትቶበታል፤ ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር፣ ቀሪው አብዛኛውን ጊዜ መዳብ ነው ማለት ነው። አንጥረኞቻችን እያቀለጡ መስቀል ይሠሩበት የነበረው የማርትሬዛ ብር ንጽሕናው 833 ያህል ስለሆነ፣ በጥራት ይህኛው ይበልጣል።

ከሁሉ የማረከኝ የመጎናጸፊያዋ እጥፋት ነው፤ ጎድጎድ ባለው መስመር ውስጥ የቀረው ጥቁረት ምስሉን አጉልቶ ሲያወጣው፣ ከፍ ያለው ጉንጯና አፍንጫዋ ግን በዘመን ብዛት ተሽተው ለስልሰዋል። ሻጩ አሽቶ አለማንጻቱ ደግ አደረገ። ሕፃኑ በግራ ክንዷ ላይ ነው፤ በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ወደ አገራችን የመጣው የቬኒሱ ሠዓሊ ብራንካሊዮን ሕፃኑን እንዲሁ በግራ ክንድ ላይ በመሣሉ፣ ግራ እጅ ከቀኝ ያነሰ ክብር ይሰጠው ስለነበር፣ ወቀሳ እንደደረሰበት ይነገራል፤ እኔን ግን ቅር አላሰኘኝም።

ቅር ያሰኘኝ ሰንሰለቱ ነው። ብር ያልሆነውን ሰንሰለት ከሜዳልያው ጋር በአንድነት መዝኖ በግራም ማስከፈል ተገቢ አይደለም፤ ማንጠልጠያ ቀለበቱም በቅርቡ የተበየደና ብየዳው ሻካራ በመሆኑ የነጠላዬን ጥለት ይይዛል። ስለዚህ ገዢ ሜዳልያውን ብቻ አስመዝኖ ቢወስድና በጥቁር ማተብ ቢያስረው ይሻላል፤ ቀለበቱን ማንኛውም አንጥረኛ በቀላሉ ይለውጠዋል።